ስድስት የልብ ምት ሰዓት ለ68 ተማሪ፣ ምን ይደረጋል?

ፊሽካው፦
ሰላም ወገን። ሐዋሳ ውስጥ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ። ክፍሌ 68 ተማሪ ነው፣ ኳስ ሦስት፣ ከሦስቱ አንዱ ዛሬ ተነፍቶ ነገ ይተኛል። በቅርቡ ውጭ አገር ያለ የቀድሞ ተማሪ ስድስት የእጅ ሰዓት ላከልን፣ የልብ ምትም እርምጃም የሚቆጥር። እግዜር ይስጠው። ርዕሰ መምህሩ ደስ ብሎት «ከእንግዲህ ስፖርት በቴክኖሎጂ ነው፣ ሪፖርት አቅርብ» አለኝ።

ማክሰኞ ሞከርኩት። ስድስት ልጆች ላይ አሰርኩ፣ ከስልኬ ጋር ማገናኘቱ ብቻ ሩብ ሰዓት በላ፣ ሌሎቹ 62 ግራሩ ሥር ቁጭ ብለው ያዩኛል። አንዷ ልጅ ቆማ ሳለ 171 አነበበ፣ ሮጣ ስትመለስ ደግሞ 88። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ አንጀቴ ግን አሯል።

ለተማሪ ስልክ ክልክል ነው። ያለኝ የራሴ ስልክና አንድ ስፒከር ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ ክፍል በእውነት የሚሠራ ነገር የሞከረ ሰው ካለ ይንገረኝ።

የሜዳ ሰው፦
መምህር፣ ሰዓቱ ላልቶ ታስሮ ይሆናል። ያ ከሥሩ የሚበራው አረንጓዴ መብራት ቆዳ ውስጥ የሚያልፈውን ደም ነው የሚያየው፣ ማሰሪያው ከላላ የውጭ ብርሃን ይገባበትና የመጣለትን ያወራል። ከእጅ አንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገህ ጠበቅ አድርገው። ግን ይሄን ብታስተካክለውም 62ቱ ግራሩ ሥር ናቸው።

እኔ ብሆን ስፒከሩን ነበር የምጠቀመው። ቢፕ ቴስት የሚባለውን ታውቀዋለህ፣ ሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሉክ ሌዤ ያመጣው። ድምፁን አንዴ ስልክህ ላይ ካወረድክ ኢንተርኔት አያስፈልግህም። 20 ሜትር ለክተህ በኖራ ሁለት መስመር አስምር፣ ልጆቹ ድምፁ ሳይቀድማቸው መስመሩ ላይ መድረስ ነው ሥራቸው፣ መድረስ ያቃተው ይወጣል። በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፣ አንዷን 20 ሜትር በ8 ሰከንድ ተኩል ገደማ ማለት ነው፣ አያቴም ትሞክረዋለች። ከዚያ በየደቂቃው በ0.5 ይጨምራል። ስድስተኛው ደረጃ ላይ 11 ኪሎ ሜትር ሲገባ ቀልዱ ያበቃል 😄 34ቱ ሲሮጡ 34ቱ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። በግማሽ ሰዓት ሁሉም ሮጦ ያልቃል። ብቻ መዞሪያውን ጠጠር አስጠርግ። የኔ ልጅ እዚያ ጋ ነው ጉልበቱ የተላጠው።

ያቺ የመጀመሪያዋ፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን እባካችሁ ማርክ አትስጡበት። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ሮጠን፣ ከሁሉም በፊት አቅቶኝ ከሩጫው የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ሁሉም ሰው ያይሻል፣ ቁጭ ብለሽ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ትጠብቂያለሽ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ስፖርት ባለ ቀን ሆዴን ያመኛል እያልኩ ቀረሁ። መምህሬ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን አንድም ቀን ምን ሆነሽ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። እያንዳንዱ ውጤቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍና ከሁለት ወር በኋላ ከራሱ ጋር ይወዳደር። የወጣም ልጅ አይቀመጥ፣ ዳር ዳሩን ይራመድ።

አዳሜ፦
እኔ አዳማ ነኝ፣ ያው እንዳንተ ነው፣ ሙቀቱ ብቻ ይብሳል። ለኔ የሠራልኝ የስልኩ ስሎው ሞሽን ነው። ርዝመት ዝላይ ላይ አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ሮጦ ሮጦ መነሻው ጋ ሲደርስ ቀና ማለት ትቶ እግሩን ያያል፣ እርምጃውም ይሰበራል። አንድ ወር ጮህኩበት። አንድ ቀን ቀርጬ በዝግታ አሳየሁት። «ቲቸር፣ ይሄ እኔ ነኝ?» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ቀና ብሎ ዘለለ፣ እኔም ድምፄን አተረፍኩ።

ግን ከወላጅ ፈቃድ ውጭ እንዳትቀርፅ፣ አሳይተህም እዚያው ፊታቸው አጥፋው። ሌላ ቦታ የአንዲት ተማሪ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ወጥቶ ስንት ጣጣ አይቻለሁ።

የድሮ ሰው፦
ልጆች፣ በኛ ጊዜ ሰውነት ማጎልመሻ ነበር የሚባለው፣ መሣሪያውም ፊሽካ ነበር። ፕላዝማ የገባ ጊዜም እንዲሁ ትምህርት ተለወጠ ተብሎ ነበር። የልብ ምት ከፈለግህ ሁለት ጣት አንገት ላይ፣ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት። 68ቱም በአንዴ ይቆጥራሉ፣ ሒሳብም ተማሩ ማለት ነው። በቀን 10,000 እርምጃ የሚባለውን ደግሞ እንደ ሕግ አትያዙት። ጃፓኖች በ1965 አንድ የእርምጃ መቁጠሪያ ሲሸጡ ያወጡት ስም ነው፣ የኛ አበበ ቶኪዮ ላይ ባሸነፈ በዓመቱ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ነው የሚለው። አንተ ያለህ 40 ደቂቃ ነው፣ እሱም በየቀኑ አይደለም። ስለዚህ አንድ ልጅ ምረጥ፣ ሳትነግረው። ሲንቀሳቀስ ሰዓትህን አስነሳ፣ ሲቆም አቁም። መጨረሻ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሆነ መጥተህ ንገረን።

ፊሽካው፦
ተመልሻለሁ። ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግሁ። የተለመደውን ክፍለ ጊዜ አስተማርኩና አንዲት ዝም ያለች ልጅ ላይ ሰዓት ያዝኩ። ከ40 ደቂቃው የተንቀሳቀሰችው 9 ነው። ሌላው ስም መጥራት፣ ሰልፍ፣ ተራ መጠበቅ፣ የኔ ወሬ። ፈታኝ ቁጥር ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

ሐሙስ ቢፕ ቴስቱን አስኬድኩ። መጀመሪያ ከሐይቁ በኩል ንፋስ ተነሳ፣ ባጃጆችም ከአጥሩ ውጭ ይንጫጫሉ፣ ድምፁ አልሰማ አለ። ስፒከሩን ወንበር ላይ አቆምነው፣ አንድ ልጅ ደግሞ በፊሽካ ይደግመው ጀመር፣ ተስተካከለ። የወጡት ዳር ዳሩን ተራመዱ፣ እያወሩ፣ ማንም ሆዴን አላለም። ያቺው ልጅ ላይ እንደገና ያዝኩ፣ 21 ደቂቃ። ቪዲዮውን የወላጅ ስብሰባ ላይ አስፈቅጄ እሞክራለሁ።

አምስቱ ሰዓቶች ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። ስድስተኛው ርዕሰ መምህሩ እጅ ላይ ነው። ትናንት ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ 11,000 እርምጃ ሄድኩ ብሎ አሳየኝ።