ደሴት ላይ ለ8 ቀን ምን ልያዝ? ሻንጣው አልዘጋ ብሎኛል

ሻንጣው_አልዘጋም፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቃት ደሴት ልሄድ ነው ከባለቤቴ ጋር። እሱ አንድ ቦርሳ ይዞ ከጨረሰ ቆይቷል፣ እኔ ግን ሶስት ጂንስ፣ አራት ጫማ፣ ፎጣ፣ ካውያ ሳይቀር ከትቼ ይኸው ሻንጣው ላይ ተቀምጬበትም አይዘጋም። ምን ላውጣ? የረሳሁትስ ምንድነው? የሄዳችሁበት ንገሩኝ፣ "እንደ ምርጫሽ ነው" የሚለኝን ሰው ግን አልፈልግም 😅

ጨው_በጨው፦
እህቴ ጂንሶቹን ሶስቱንም አውጪያቸው። እዛ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፣ ጂንስ አንዴ ከረጠበ ሁለት ቀንም አይደርቅልሽ ከዛ ደግሞ መሽተት ይጀምራል። ስስ ጥጥ ወይም ሊነን ይሻላል። የዋና ልብስ ግን ሁለት ያዢ፣ ጠዋት ተነስቶ የትናንቱን እርጥብ መልበስ እንዴት እንደሚያስጠላ ያየው ያውቀዋል። ጫማ ደግሞ አንድ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ለመንገድ የሚሆን ሰንደል፣ አንድ የውሃ ጫማ፣ አለቀ። የውሃ ጫማውን እንዳትንቂው፣ እኔ ባዶ እግሬን ገብቼ እሾሃሙን የባህር ፍጥረት ረግጬ የቀረውን እረፍት እያነከስኩ ነው የጨረስኩት። ፎጣና ካውያ ሆቴሉ ካለው ለምን ትሸከሚያለሽ፣ መልዕክት ላኪና ጠይቂያቸው።

ሻንጣው_አልዘጋም፦
እሺ ጂንስ ወጣ (አንዱን ለብሼ ነው የምሄደው አትቆጡኝ)። ሰንስክሪንስ (የፀሐይ መከላከያ ክሬሙ)? ቆዳዬ ጠቆር ያለ ነው አያቃጥለኝም መሰለኝ

ጥላ_ፈላጊ፦
ኧረ ያቃጥላል! እኔም ጠቆር ያልኩ ነኝ፣ ስኖርክል ሳደርግ (በቱቦ እየተነፈስኩ ውሃው ላይ ተደፍቼ ስዋኝ) ጀርባዬ ላይ ለሰዓታት ፀሐይ ወርዶብኝ ማታ በሆዴ ነው የተኛሁት። ኤስፒኤፍ (እቃው ላይ የተጻፈው የመከላከል አቅሙ ቁጥር) 30 ወይም ከዛ በላይ ይሁን፣ በየ2 ሰዓቱና ከውሃ በወጣሽ ቁጥር ድገሚው፣ ደመና ቢሆንም። እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ቲሸርት ካገኘሽ ደግሞ ከክሬሙ የበለጠ እሱ ይገላግልሻል። ስትገዢ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፣ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ኬሚካሎች ያሉበት ኮራሉን (የባህር ውስጥ ዛጎሉን) ይጎዳል ተብሎ የፓስፊክ ደሴቷ አገር ፓላው በፈረንጆቹ 2020 ከልክላዋለች፣ ሃዋይ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ መሸጡን አግዳለች። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ውሰጂ፣ ትንሽ ነጭ ያደርጋል ግን ማን ያይሻል።

ትንኝ ማባረሪያም እንዳትረሺ። ዴንጌ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ነው የምትናከሰው ስለዚህ አጎበር ብቻ አያድንሽም። መጀመሪያ ሰንስክሪኑ፣ እሱ ሲደርቅ የትንኙ።

አንድ_ቦርሳ፦
ባልሽ ልክ ነው 😂

መንገደኛው፦
ማንም ያላነሳው ነገር፣ የእጅ ሻንጣሽ ውስጥ የዋና ልብስ፣ አንድ ቅያሪ፣ መድኃኒትሽን በሙሉ አድርጊ። የኔ ሻንጣ 3 ቀን ዘግይቶ ነው የመጣው፣ እኔ በሹራብና በቡት ባህር ዳርቻ ቁጭ ብዬ ሰው ሲዋኝ አያለሁ። ፓወር ባንክም የእጅ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚሆነው፣ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። የእጅ ሻንጣው ውስጥ የምታስገቢው ክሬም ደግሞ እቃው ከ100 ሚሊ ባይበልጥ ነው የሚሻለው፣ ብዙ ኤርፖርት ላይ ከዛ በላይ ከሆነ ይወስዱታል።

የት ደሴት እንደሆነ አልነገርሽንም እንጂ የየሀገሩን ህግም እዪ። ማልዲቭስ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ዛንዚባር ፌስታል አይፈቀድም፣ ባርቤዶስ ደግሞ የወታደር ዥንጉርጉር ልብስ ለሕፃን እንኳን ክልክል ነው።

ሻንጣው_አልዘጋም፦
ዛንዚባር ነው! ጫማዎቹን በሙሉ በፌስታል ነበር የጠቀለልኳቸው፣ ልፈታቸው ሄድኩ

ጥላ_ፈላጊ፦
እንግዲያው ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ነገር ጨምሪ፣ ስቶን ታውን (የዛንዚባር አሮጌው ከተማ) ስትዞሪ ያስፈልግሻል። አንድ ሰፊ ሻሽ ቢኖርሽ ትከሻ ላይም ይሆናል አሸዋ ላይም ይነጠፋል። ካውያውን ግን አውጥተሽዋል አይደል?