ድራይቨሬ ውስጥ ሁለት ኮሮች አንድ ቆጣሪ ላይ ይጋጫሉ፣ ሁሉም ቦታ ሎክ ላድርግ?

አዘዞ_ነኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጎንደር ነው የምጽፈው። ከርነል ልማር ብዬ ኪውኢሙ (ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ላለው ኢ1000 የኔትወርክ ካርድ የራሴን የሊኑክስ ድራይቨር እየሠራሁ ነው። ይልካል፣ ይቀበላል። ቨርቹዋል ማሽኑን በ1 ኮር ሳስነሳው ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ንቅንቅ አይልም። በ4 ኮር አስነስቼ በአይፐርፍ3 (የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ) ሳስጨንቀው ግን ትንሽ ይቆይና መላክ ያቆማል። ከዚያ ከርነሉ የመላኪያው ወረፋ ጊዜው አልፎበታል የሚል የዋችዶግ መልእክት ይጽፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመላኪያው ቀለበት ውስጥ ስንት ባዶ ዲስክሪፕተር (ፓኬቱ የት እንዳለ ለካርዱ የሚጻፍበት ቦታ) እንደቀረ የሚይዝ አንድ ቆጣሪ አለ። የመላኪያው ፋንክሽን ፓኬት ባስገባ ቁጥር ይቀንሰዋል፣ የናፒ ፖል ፋንክሽን (ከኢንተራፕት በኋላ ከርነሉ የካርዱን ሥራ ለመጨረስ የሚጠራው) ደግሞ ካርዱ ልኮ የጨረሰውን ሲያጸዳ ይጨምረዋል። ኬሲሳንን (የከርነሉን የሬስ መርማሪ) አብርቼ ስፈትን እዚሁ ቆጣሪ ላይ ዳታ ሬስ (ሁለት ኮሮች ሳይጠባበቁ አንድ ዳታ መንካት) አለ ይለኛል። በተራ ስፒን ሎክ (እስኪለቀቅ ድረስ ሳይተኙ እየዞሩ የሚጠብቁት ሎክ) ልሸፍነው ስል ደግሞ፣ ኢዝቱል (የካርዱን መረጃ የሚያሳየው ትእዛዝ) ስታቲስቲክስ ሲጠይቅም ያንኑ ሎክ ስለምይዝ፣ ሎክዴፕ (የከርነሉ የሎክ መርማሪ) የሎኩ አያያዝ ይጋጫል ብሎ ጮኸ። ምን ይሻላል? ሁሉም ቦታ ሎክ ላድርግ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ፒያሳ_ላይ፦

ቆጣሪውን ቮላታይል አድርገህ አውጀው። እኔ ማይክሮኮንትሮለር ላይ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ይሠራል።

አንገረብ፦

ፒያሳ፣ ይኼ እዚህ አይሠራም ወንድሜ። ቮላታይል ኮምፓይለሩን ብቻ ነው የሚያዘው፣ በየጊዜው ከሜሞሪ አንብብ ይለዋል። መጨመር ግን ማንበብ፣ መደመርና መልሶ መጻፍ ነው፣ ሦስት ሥራ። ሁለት ሰዎች የእድር መዝገብ ላይ እኩል ቢጽፉ ማለት ነው። ሁለቱም 100 ብር የሚለውን አነበቡ፣ አንዱ 20 ደምሮ 120 ጻፈ፣ ሌላው 30 ደምሮ 130 ብሎ ጻፈበት። 150 መሆን የነበረበት 130 ሆኖ ቀረ። ኢንተራፕት ያለው ባለ አንድ ኮር ቺፕ ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ ላይታይህ ይችላል፣ በ4 ኮር ግን ያው እንዳየኸው ነው። የከርነሉ ሰነድም ቮላታይልን ለዚህ አትጠቀሙ ይላል።

አዘዞ፣ ወዳንተ ልምጣ። የጠፋው ጭማሪው ከሆነ ቀለበቱ ባዶ ሆኖ ሳለ ሞልቷል ብለህ መላክ ታቆማለህ። አሁን የገጠመህ ይኼ ይመስለኛል። ቅናሹ ከጠፋ ግን የባሰ ነው፣ ካርዱ ገና ባልላከው ዲስክሪፕተር ላይ ትጽፋለህ፣ ያኔ የምትልከው ዳታ ራሱ ይበላሻል፣ ምንጩንም ለማግኘት ፍዳህን ታያለህ።

ሎክ ከማድረግህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅ። ይኼን ዳታ ማን ማን ይነካዋል? ከየት ሆኖ? ሎክ የሚጠብቀው ኮዱን ሳይሆን ዳታውን ነው። የመላኪያው ፋንክሽን ሲጠራ የኔትወርክ ስታኩ ራሱ የወረፋውን ሎክ ይዞልሃል፣ ስለዚህ አንድ ወረፋ ላይ ሁለት ላኪ አይገናኝም። አንድ የናፒ ፖልም በአንድ ጊዜ ሁለት ኮር ላይ አይሮጥም። ስለዚህ ያሉህ ተፎካካሪዎች አንድ ላኪና አንድ አጽጂ ብቻ ናቸው። ቆጣሪውን ጭራሽ ጣለው! በምትኩ ሁለት ጠቋሚ ያዝ። ቀጥሎ የሚጻፍበትን ላኪው ብቻ ይለውጠዋል፣ ቀጥሎ የሚጸዳበትን አጽጂው ብቻ። የቀረውን ባዶ ቦታ ከሁለቱ ልዩነት አስላ። እያንዳንዱ ጠቋሚ አንድ ጸሐፊ ብቻ ስላለው የሚጠፋ ድምር የለም። የኢ1000 ዋናው ድራይቨርም የሚሠራው እንዲህ ነው፣ ኮዱን ከፍተህ እየው። አጽጂው ጠቋሚውን በስቶር ሪሊስ ይጻፍ፣ ላኪው በሎድ አኳየር ያንብብ፣ ሁለቱ ቅደም ተከተል የሚያስጠብቁ መጻፊያና ማንበቢያ ናቸው። አለበለዚያ ላኪው አዲሱን ጠቋሚ አይቶ የጽዳቱን ሥራ ሳያይ ሊቀር ይችላል።

ሎክዴፕ የጮኸው ትክክል ነው። ኢዝቱል የሚመጣው ከፕሮሰስ ነው። እሱ ሎኩን እንደያዘ እዚያው ኮር ላይ ሶፍት ኢንተራፕት (ናፒ የሚሮጥበት) ገብቶ ናፒ ያንኑ ሎክ ቢጠይቅ እስከ ዕለተ ምጽአት ይጠብቃል። ከፕሮሰስ በኩል ስፒን ሎክ ቢኤች (ሶፍት ኢንተራፕትን እያገደ የሚይዘውን) ያዝ። ሎኩን ዋናው የኢንተራፕት ሃንድለርም የሚነካው ከሆነ አይአርኪው ሴቭ የሚለውን፣ ዋናውን ኢንተራፕት የሚያግደውን ያዝ። ለስታቲስቲክስ ግን ሎክ ባትጠቀም ይሻላል፣ ዩ64 ስታትስ ሲንክ የተሠራው ለዚሁ ነው። ባለ 32 ቢት ማሽን ላይ 64 ቢት ቁጥር በሁለት ቁራጭ ስለሚነበብ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ እንዳይሆን ይጠብቃል።

አዘዞ_ነኝ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱን ጠቋሚዎች አስገባሁ፣ ብዙ ተሻሽሏል። ግን አሁንም አልፎ አልፎ ወረፋው ቆሞ ይቀራል። ደግሞ ኬሲሳን የሚጮህበት ቦታ ሁሉ ላይ ሪድ ዋንስ ባደርግ ዝም ይላል፣ እንደዚያ ማድረግ ይቻላል?

የደምቢያ_ልጅ፦

ሪድ ዋንስን ማፈኛ አታድርገው፣ እባክህ። እሱ ኮምፓይለሩ ንባቡን እንዳይከፋፍለው ወይም እንዳይደግመው ያደርጋል፣ በቃ። ሬሱ ራሱ ስህተት ከሆነ ስህተቱ እዚያው ነው፣ አንተ ያጠፋኸው ማስጠንቀቂያውን ነው። ኬሲሳን ከ5.8 ከርነል ጀምሮ ያለው እንዲህ ያለውን እንዲያሳየን ነውና መጀመሪያ ሬሱ ለምን ጉዳት እንደሌለው ለራስህ አስረዳ፣ ከዚያ ምክንያቱን ኮዱ ላይ ጻፍ።

ወረፋው የሚቆመው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ላኪው ቀለበቱ ሞልቷል ብሎ ያያል። ወረፋውን ከማስቆሙ በፊት አጽጂው በሌላ ኮር ሁሉንም አጽድቶ ይጨርሳል፣ ወረፋው ስላልቆመ የሚቀሰቅሰው ነገር አያይም፣ ይሄዳል። ከዚያ ላኪው ያስቆማል። ማን ይቀስቅሰው? ማንም። መፍትሔው ካስቆምክ በኋላ ሙሉ ሜሞሪ ባሪየር (የሜሞሪ ንባብና ጽሕፈት ቅደም ተከተሉን እንዳይስት የሚያግድ) አድርገህ እንደገና ማየት ነው፣ ቦታ ካለ መልሰህ ታስጀምረዋለህ። በአጽጂው በኩልም ጠቋሚውን ከጻፍክ በኋላ፣ ወረፋው ቆሟል ወይ ብለህ ከማየትህ በፊት ባሪየር ያስፈልጋል። አንዱ ጎን ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም።

ካርዱንም አትርሳ፣ እሱም ሜሞሪህን በዲኤምኤ (ያለ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ) የሚያነብና የሚጽፍ ሌላ ተፎካካሪ ነው፣ ደግሞ ሎክ አያውቅም። ስትቀበል መጀመሪያ የዲዲ ቢትን (ካርዱ ጨርሻለሁ የሚልበትን) እይ፣ ከዚያ ዲኤምኤ አርኤምቢ (የንባብ ባሪየር)፣ ከዚያ ነው ርዝመቱን የምታነበው። ያለዚያ ቢቱ አዲስ፣ ርዝመቱ አሮጌ ሊሆንብህ ይችላል። ስትልክ ደግሞ ዲስክሪፕተሩን ሞልተህ ጨርሰህ ነው የጭራውን ሬጂስተር (አዲስ ሥራ አለ ብለህ ለካርዱ የምትነግርበትን) የምትጽፈው። ራይት ኤል የሚባለው የሬጂስተር መጻፊያ በፊቱ የተጻፈውን ሜሞሪ ራሱ ያስቀድማል፣ ሪላክስድ የሚለውን ከተጠቀምክ ግን ባሪየሩን አንተ ታስገባለህ።

ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ይኼ ሁሉ ላይታይህ ይችላል፣ ኤክስ86 ቅደም ተከተሉን አጥብቆ ስለሚይዝ ብዙ ስህተት ይደብቃል። ኪውኢሙ ላይ አርም የሚባለውን ፕሮሰሰር አስመስለህ ብታስነሳም ያው ነው፣ ከሥር የሚሮጠው የላፕቶፕህ ፕሮሰሰር ነዋ። እኔ ማራኪ ሰፈር ነኝ፣ ባለ 4 ኮር ራስፕቤሪ ፓይ (አርም ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር) አለኝ። ና ውሰደው፣ ኬቪኤም (ቨርቹዋል ማሽኑን በራሱ በፓዩ ፕሮሰሰር የሚያስሮጠውን) አብራበትና እዚያ ላይ አስጨንቀው።

አንገረብ፦

የደምቢያው ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኢንተርፌሱን ስታወርድ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። ናፒ ዲሴብል፣ ከዚያ ኢንተራፕቱን ልቀቅ፣ ቀለበቱን ፍሪ ማድረግ መጨረሻ ላይ። ናፒ ዲሴብል ሊተኛ ስለሚችል ስፒን ሎክ ይዘህ አትጥራው። ደግሞ መብራት ሄዶ በባትሪ ስትፈትን ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሬሱም ሊደበቅ ይችላል። መብራት ሲመጣ ድገመው።

አዘዞ_ነኝ፦

ባሪየሮቹን በሁለቱም ጎን አስገብቼ ከትናንት ማታ ጀምሮ አይፐርፍ እየሮጠ ነው፣ እስካሁን አልቆመም። ፓዩን ቅዳሜ ልመጣልህ ነው የደምቢያው፣ ከሰዓት ይመችሃል?

የደምቢያ_ልጅ፦

ይመቸኛል፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ና። ኤስዲ ካርድ ይዘህ ና፣ የኔ ላይ ሌላ ሥራ አለበት።