ከጎንደር ወደ ካምፓላ፦ ሞተር ሳይክል ልግዛ ወይስ ልፈናጠጥ?

የአዘዞው የእንስሳት ሐኪም ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በመስከረም ለሥራ ወደ ካምፓላ እሄዳለሁ፤ ውሌ የሁለት ዓመት ነው። ቢሮዬ ናካሴሮ፣ የተያዘልኝ ቤት ደግሞ ንቲንዳ ነው። ባለቤቴና ልጃችን ለጊዜው ጎንደር ይቆያሉ።

ሞተር ሳይክል ለእኔ እንግዳ አይደለም። መሥሪያ ቤቴ በሰጠኝ ያማሃ ከአዘዞ ቆላ ድባ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ጎርጎራ ድረስ ክትባት ጭኜ እመላለሳለሁ። የደንቢያን የክረምት ጭቃ፣ የበጋውን አቧራ፣ ሳይታሰብ መንገድ የሚያቋርጠውን ጥጃ ሁሉ ለምጄዋለሁ። ከተማ ውስጥም ከአዘዞ እስከ ፒያሳ በባጃጆች መካከል እነዳለሁ። ለሥራው ቃለ መጠይቅ ካምፓላ በሄድሁ ጊዜ አሮጌው ታክሲ ፓርክ አጠገብ ቆሜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ነጫጭ ሚኒባሶች ጎን ለጎን ተጣብቀው በቆሙበት ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ሞተረኞች ሁለት ሦስት ሰው ጭነው በመካከላቸው ያልፋሉ፤ አንዱ ፍራሽ፣ ሌላው የማቶኬ ሙዝ ዘለላ ጭኖ ነበር። መንገዱም በግራ ነው።

ባለቤቴ ሞተር ሳይክል እንዳልነካ ቃል አስገባሃለሁ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ቃል ከመግባቴ በፊት እዚያ ኖሮ የነዳ ሰው እንዲመክረኝ እፈልጋለሁ። የራሴን ልግዛ? ወይስ ሁለቱንም ዓመት ከሰው ኋላ ልፈናጠጥ? በግራ መንዳትስ ምን ያህል ይከብዳል?

ማራኪ ሰፈር መለሰ፦

ወንድሜ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለህ። ካምፓላ ውስጥ ለዓመታት አስተምሬ፣ ሞተር ሳይክልም ነድቼ ነው ወደ ጎንደር የተመለስሁት። ጥያቄህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልሁም፤ ወደዚያ የሚሄድ የሀገሬ ልጅ ሁሉ ይህን አውቆ እንዲሄድ እፈልጋለሁ።

አንተን ያስፈራህ ግርግሩ ነው። እኔ የምፈራልህ ጭር ያለውን መንገድ ነው። በግርግሩ መካከል ስትሆን የፊትህ ታክሲ፣ የጎንህ ቦዳ ቦዳ፣ የኋላህ ጡሩምባ አጅበውህ ይሄዳሉ፤ ብትፈልግ እንኳ ወደ ቀኝ ማምለጫ የለህም። አደጋው ያለው እሑድ ጠዋት ነው። ነዳጅ ቀድተህ ከማደያው ስትወጣ አስፋልቱ ባዶ ይሆናል፤ ሐሳብህ ቤተሰብህ ዘንድ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ እጅህ አዘዞ የለመደውን ይሠራል፣ ቀኙን ይዘህ ትነጉዳለህ። ሁለት መቶ ሜትር ሳትሄድ ኮረብታውን ጨርሶ የሚወርድ የጭነት መኪና ፊት ለፊት ይመጣብሃል።

መኪና ብትነዳ ኖሮ መሪው በቀኝ በኩል ስለሆነ በገባህ ቁጥር ያስታውስህ ነበር። ሞተር ሳይክል ላይ ግን የሚለወጥ ነገር የለም። ፍሪሲዮኑ በግራ እጅ፣ የፊት ፍሬኑ በቀኝ እጅ፣ ማርሹ በግራ እግር፣ ሁሉም አንተ በለመድኸው ቦታ ነው። ሰውነትህ አገር መቀየሩን የሚነግረው አካል የለም። ስለዚህ አንተ ራስህ ንገረው። እኔ ከቆምሁበት በተነሣሁ ቁጥር ድምፄን አውጥቼ «ግራ» እል ነበር፤ በነዳጅ ታንኩ ግራ ጎን ላይም ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ነበር። ሰው ቢሰማህ ይስማ። ከማደያ፣ ከግቢ በር፣ ከአንድ አቅጣጫ መንገድ ስትወጣና ዞረህ ስትመለስ፣ እነዚህ ቦታዎች ላይ ምንጊዜም ቆም በል።

መታጠፊያውም ይገለበጣል። ጎንደር ላይ ተቃራኒውን መስመር አቋርጠህ የምትታጠፈው ወደ ግራ ስትሄድ ነው፤ እዚያ ወደ ቀኝ ስትሄድ ነው። አደባባዩን የምትዞረው እንደ ሰዓት ዘንግ ነው፤ ቅድሚያ የምትሰጠውም ከቀኝህ ለሚመጣው። በእግርህ መንገድ ስታቋርጥ እንኳ መጀመሪያ የምታየው ወደ ቀኝ መሆን አለበት፤ ይህን ከአውሮፕላን በወረድህበት ቀን ጀምር።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አትንዳ፤ ተፈናጠጥ። መፈናጠጡን ግን እንደ ትምህርት ያዘው። ካምፓላ ውስጥ ቦዳ ቦዳዎች እንደ እኛ ባጃጆች ተራ አላቸው፤ እያንዳንዱ ተራ ሰብሳቢ አለው፣ አባላቱ ይተዋወቃሉ። ንቲንዳ ከቤትህ አጠገብ ወዳለው ተራ ሂድ፤ ሰላም በል፤ ረጋ ብሎ የሚነዳውን ለይና ጠዋት ጠዋት እርሱ ይውሰድህ። ምናልባት በቡኮቶ አድርጎ፣ በካምዎክያ በኩል፣ ሙዚየሙን አልፎ ወደ ናካሴሮ ያወጣሃል። ከኋላው ተቀምጠህ ስልክህን አትይ። እርሱ የት እንደሚመለከት፣ ከታክሲው ኋላ መቼ እንደሚቆም፣ የታክሲው ረዳት እጁን በመስኮት ሲያወጣ ምን እንደሚያደርግ ተመልከት። ሚኒባሱ ያለ ፍሬቻ ወደ ዳር የሚታጠፈው ተሳፋሪ ሲያይ ነው፤ ልምድ ያለው ሞተረኛ ተሳፋሪውን ከሾፌሩ ቀድሞ ያየዋል። ይህን ዐይን የሚሰጥህ ከኋላ መቀመጥ ብቻ ነው።

ተራ የማታውቅበት ሰፈር ከሆንህ በስልክ የሚጠሩትን ተጠቀም። ከ2014 የፈረንጆች ዓመት ጀምሮ ካምፓላ ውስጥ የሚሠራው ሴፍ ቦዳ ሞተረኞቹ ብርቱካናማ ሄልሜት ያደርጋሉ፤ ለተሳፋሪም ይዘው ይመጣሉ። እኔ ግን የራስህን ሄልሜት ገዝተህ ይዘህ ብትዞር እመርጣለሁ። ሕጉም ለነጂና ለተፈናጣጭ ያስገድዳል። የአገጩን ማሠሪያ ሳትቆልፍ ብታደርገው ግን አላደረግኸውም።

ስለ ዝናቡም እወቅ። እኛ ዘንድ መስከረም ሲጠባ ክረምቱ ይወጣል፤ አንተ ካምፓላ ስትደርስ ግን ሁለተኛው የዝናብ ወቅት እየጀመረ ነው፤ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። ከአስፋልት የሚገነጠሉት የሰፈር መንገዶች ቀይ አፈር ናቸው፤ ሲዘንብባቸው ጎመን ዘር የተቀባ ምጣድ ይሆናሉ። ብዋይሴን የመሰሉ ረባዳ ሰፈሮች ደግሞ በጎርፍ ይሞላሉ፤ ውኃው የሸፈነው ቦይ ጥልቀቱ አይታይም። ዝናብ ሲጀምር ሞተረኞቹ ሁሉ ማደያ ጣሪያ ሥር ይጠለላሉ። አንተም ከእነርሱ ጋር ቁም። ቢሮ ብታረፍድ ምክንያቱ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ የሚቆጣህ አይኖርም።

ከዚያ በኋላ፣ መንገዱ ሲገባህና በግራ መሄድ ሳታስብበት ሲመጣልህ፣ ግዛ። እኔ አልከለክልህም። በራሴ ሞተር ወደ እንቴቤ ወርጄ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የተቀመጥሁባቸውን ከሰዓቶች ዛሬም እናፍቃቸዋለሁ።

ካባላጋላ ያለችው መለሰች፦

ጋሼ ማራኪ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የማልነዳ፣ ሁልጊዜ የምፈናጠጥ ነኝና ከኋላ ወንበር የሚታየውን ልጨምር።

ወንድሜ፣ ከመውጣትህ በፊት ሰላምታ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ ዋጋ። ሰላም ሳትል ዋጋ ብትጠይቅ እንደ ክብረ ነክ ያዩታል፤ ጎንደር ላደገ ሰው ይህ አይከብድም። ዋጋውን ሳትስማማ ከተቀመጥህ ደግሞ ስትወርድ ክርክር ነው። በግራ በኩል ውጣ፣ በግራ በኩል ውረድ። የጭስ ማውጫው በቀኝ ነው፤ ባቱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበትን ሰው ብታይ በቀኝ የወረደ ነው። ከመሸ በኋላ ከማታውቀው ሞተረኛ ጋር አትሂድ። አገሩ የምድር ወገብ ላይ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ገደማ ይጨልማል።

ባለቤትህ ስትመጣ ደግሞ ይህን ንገራት። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ነጠላ ለብሰን ቦዳ ላይ የምንወጣ ብዙ ነን። የነጠላው ጥለት ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ጎማው ወይም ካቴናው ውስጥ ከገባ ሴቲቱን ጎትቶ ይጥላታል። ወገብ ላይ አጥብቆ ማሠር ወይም አጥፎ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው። ይህን ለማንም እኅት ሳልናገር አላልፍም።

ለምግብ አትጨነቅ። ካባላጋላ ና፤ እንጀራ አለ፣ የሀገር ሰው አለ። በጾም ማቶኬ በለውዝ ወጥ ብላ፤ ቅቤም ሥጋም የለበትም፣ ያጠግባል። ሰዓቱም አያስቸግርህም፤ በሉጋንዳ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛ ከንጋት ነው፤ ሞተረኛህ በቋንቋው ሁለት ሰዓት ካለህ የእኛው የጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ቢሮ ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲነገር ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ተጠንቀቅ።

አውቶ ፓርኮ አካባቢ ያለው መካኒክ መለሰ፦

ከገዛህ ቦክሰር ግዛ። እዚህ ከተማችንን የሞላው ባለ ሦስት እግር ባጃጅ የሚሠራበት የሕንድ ኩባንያ የሚያመርተው ነው፤ ካምፓላ ውስጥ መለዋወጫው በየመንገዱ አለ፣ የሚጠግነውም ሰው አይጠፋም። የለመድኸው ያማሃ ለደንቢያ ጭቃ ከፍ ያለ ነው፤ ለከተማ መቆም መነሣት ግን ዝቅ ያለው ይሻላል፤ ሁለቱም እግሮችህ መሬት ይረግጣሉ።

አሮጌ የምትገዛ ከሆነ ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑን ሳታይ ገንዘብ አታውጣ። ብዙ ቦዳ ቦዳዎች በብድር የተገዙ ናቸው፤ ዕዳው ካላለቀ ወረቀቱ አበዳሪው ዘንድ ነው፣ ሞተሩንም ከእጅህ ይወስዱታል። ቀጥሎ የፊት ሹካውን እይ፤ ዘይት ካዠ ገና ሌላ ወጪ አለብህ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተህ መሪውን ቀስ ብለህ አዙር፤ መካከል ላይ የሚይዝ ነገር ካለ ኩሽኔታው ተበልቷል። ካቴናው ላልቶ ከሆነ ጥርሶቹንም አብረህ እይ፤ ጫፋቸው ከሾለ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። ስፖኪዮ የሌለውን አትቀበል፤ በጠባብ ማለፍ ስለሚፈልጉ ይፈቱታል፤ አንተ ግን በግራ ስትነዳ የቀኙ ስፖኪዮ ዐይንህ ነው።

ፍሬኑ ከበሮ ከሆነ ውኃ ውስጥ ካለፍህ በኋላ ለጊዜው አይዝም። ከኩሬ ስትወጣ በዝግታ እየሄድህ ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ ያዝ፣ ልቀቅ፣ እስኪደርቅ ድረስ። ቁልቁለት ከመድረስህ በፊት ይህን አድርግ፤ ካምፓላ እንደ ጎንደር የኮረብታ ከተማ ነው።

የአዘዞው የእንስሳት ሐኪም፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ማራኪ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ባለቤቴ የጻፉትን አንብባ ትንሽ ለዘብ ብላለች፤ ልጃችን አራት ዓመቱ ነው፣ ወደ ፊት እነርሱም ሲመጡ በሞተር ብወስደው ምን ይላሉ? እኔም ለጥምቀት ወደ ጎንደር መመለሴ አይቀርም።

ማራኪ ሰፈር፦

ልጁን አትጫን። ካምፓላ ውስጥ ሕፃናት በአባትና በእናት መካከል ተጣብቀው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ታያለህ፤ የአገሩ ሰው ችግር ቢያስገድደው እንጂ ወዶ አይደለም። ለራሱ ልክ የሚሆን ሄልሜት የማያደርግ፣ እግሩ መርገጫው ላይ የማይደርስ ልጅ ሞተር ላይ ቦታ የለውም። ለእርሱ ታክሲ ያዝ። ይህን ለባለቤትህ ቃል ግባላት፤ ስትገባላትም ሌሊት እንደማትነዳ፣ ጃኬትህንም ሞቀኝ ብለህ እንደማታወልቅ ጨምርበት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ካምፓላ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሙቀቱ በሸሚዝ ንዳ ንዳ ያሰኝሃል። ብትወድቅ ግን ባዶ ክንድ ከአስፋልቱ አይተርፍም።

ለጥምቀት ስትመጣ ደግሞ በደረስህ ዕለት የማንንም ሞተር አትንካ። ያን ጊዜ እጅህ ግራ ለምዷል፤ ያልሁህ ሁሉ በተቃራኒው ይመጣብሃል። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ ሁሉ የሕዝብ ነው፤ በእግርህ ሂድ። ያማሃውን ከበዓሉ በኋላ፣ ፀጥ ባለው የቆላ ድባ መንገድ ላይ፣ «ቀኝ» እያልህ ጀምረው።