1234567890 ስንት አካፋዮች አሉት?

ናሁ፦
ሰላም። 1234567890ን በ2፣ በ5 እና በ9 ካካፈልኩት በኋላ 13717421 ላይ ደርሻለሁ። ይህ በ7ም፣ በ11ም፣ በ13ም አይካፈልም። ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ከሆነ የዋናው ቁጥር አካፋዮች 24 ይሆናሉ፤ ግን ብቸኛ መሆኑን በወረቀት እንዴት ላረጋግጥ?

ቀመር፦
ብቸኛ አይደለም። ከታች ጀምሮ እያካፈሉ መሄድ ግን አድካሚ ነው፤ የመጀመሪያው አካፋይ የሚገኘው ከ500 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች ከተሞከሩ በኋላ ነው። የፌርማን ዘዴ ይጠቀሙ፤ ቁጥሩን የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት አድርጎ መጻፍ ማለት ነው። ስኩዌር ሩቱ 3703.7 ገደማ ስለሆነ ከ3704 እንነሳ፦

3704² − 13717421 = 2195። በ46² (2116) እና በ47² (2209) መካከል ስለሚወድቅ አይሆንም።
3705² − 13717421 = 9604 = 98²። ተገኘ!

ስለዚህ (3705 − 98) × (3705 + 98) = 3607 × 3803። ሁለቱም ብቸኛ ናቸው፤ ለማረጋገጥ 3607ን እስከ 59፣ 3803ን እስከ 61 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። በሁለተኛው ሙከራ የተሳካው ሁለቱ አካፋዮች ስለሚቀራረቡ ነው። ቢራራቁ ኖሮ ይህ ዘዴ ከተራው ማካፈል የባሰ ይጓተት ነበር፤ ትንንሾቹን አካፋዮች አስቀድሞ ማውጣት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሰናይት፦
እንግዲያው ትንተናው 2 × 3² × 5 × 3607 × 3803 ነው። በየአርቢው ላይ 1 ደምረን ስናባዛ 2 × 3 × 2 × 2 × 2 = 48 አካፋዮች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 9 ላይ ነው፤ እንደ አንድ ብቸኛ ቁጥር ከቆጠሩት 32 ይወጣል፣ 3 አንዴ ብቻ የገባባቸው 16 አካፋዮች ይቀራሉ። ሦስተኛ 3 አለመኖሩን ደግሞ በ9 ከተካፈለ በኋላ የሚገኘው 137174210 ያሳያል፤ የአሃዞቹ ድምር 26 ነው፣ በ3 አይካፈልም።
በነገራችን ላይ ከ0 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅመን እንዴትም ብንደረድራቸው ድምራቸው 45 ስለሆነ ቁጥሩ ምንጊዜም በ9 ይካፈላል። ስለዚህ አንዱም ብቸኛ ሊሆን አይችልም።

ድርድር፦
በፕሮግራም ለምትሠሩ፦ እስከ 35136 ብቻ መሞከር በቂ ነው፤ የ35137 ስኩዌር ከቁጥሩ ይበልጣል። 24 ጥንዶች ታገኛላችሁ። የአካፋዮቹ ድምር ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ 3 × 13 × 6 × 3608 × 3804 = 3211610688 (13ቱ ከ3² የመጣ 1 + 3 + 9 ነው፤ ሌሎቹ እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ሲደመር 1 ናቸው)። ዋናው ቁጥር አሉታዊም በሚይዝ (signed) ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር ውስጥ ይገባል፣ ድምሩ ግን ከከፍተኛው ወሰን ከ2147483647 ስለሚበልጥ አይገባም፤ በአብዛኛው −1083356608 ተብሎ ይወጣል። ድምሩን ከመጀመሪያው በ64 ቢት ያዙት።