ለሃማይካ መጠጥ አበባውን ከየት ልግዛ? የሎስ አንጀለስ ጥቆማ

ታኮ ቤት ገብቶ ያን ደማቅ ቀይ መጠጥ የቀመሰ ሁሉ አሠራሩን ይጠይቀኛል። ቪትሮሌሮ ከሚሉት ትልቅ የመስታወት ማሰሮ በጭልፋ እየተቀዳ የሚሸጠውን አጓ ዴ ሃማይካ ማለቴ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ቁም ነገሩ ያለው አበባው ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ የሞካከርኩትን ልንገራችሁ።

ሜክሲኮዎች ሃማይካ የሚሉት እኛ ከርከዴ የምንለውን ነው። አበባ እንበለው እንጂ የሚደርቀው አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ወፍራም ቀይ ሽፋን ነው። ተክሉ መነሻው አፍሪካ ነው። ዛሬ ሜክሲኮ ውስጥ በብዛት የሚመረተው ጌሬሮ ግዛት ነው።

የእኔ አንደኛ ምርጫ በሜክሲኮዎቹ ሱፐርማርኬቶች፣ ማለትም ቫያርታና ኖርዝጌት፣ ወይም ቦይል ሃይትስ ሰፈር ባለው ኤል መርካዲቶ ገበያ ሳይታሸግ እየተመዘነ የሚሸጠው ነው። አይታችሁ ትገዛላችሁ። አንዷን አንስታችሁ በጣታችሁ አጠፍ አድርጉ። እንደ ለስላሳ ቆዳ እጥፍ ካለች ጥሩ ናት። ከተፈረፈረች ከርማለች። ቀለሟ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ይሁን፤ ቡናማ ከሆነች እለፏት። ከሥር ብናኝ የበዛበትንም አትግዙ።

የታሸገ ከሆነ ኤል ጓፖ እና ባዲያ የሚባሉት ምርቶች በየሱቁ አሉ። ለአንድ ጆግ ይበቃሉ፣ ለድግስ ግን አያዋጡም። ሜክሲኮ ውስጥ ራሱ ከሱዳንና ከቻይና የገባ አበባ ስለሚሸጥ፣ የግድ የሜክሲኮውን የምትፈልጉ የተመረተበትን አገር ከጀርባው አንብቡ።

የሱዳን ከርከዴ ካገኛችሁም ያለ ሐሳብ ግዙ። ሐበሻና ዐረብ ሱቆችን ጠይቁ። እኔ የሜክሲኮው ሲጠፋ እሱን ነው የምጠቀመው፤ እንግዶቼም ለይተውት አያውቁም። ጃማይካዎች ጋ ሶረል ብላችሁ ብትጠይቁ የሚሰጧችሁ ይህንኑ ነው።

የሻይ ከረጢቱ ለአንድ ስኒ ትኩስ ሻይ ጥሩ ነው፣ ለጆግ ግን አይሆንም። በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ደግሞ አንድ ጊዜ ለልጆች ልደት ገዝቼ በጣም አዘንኩ። ስኳርና ቀለም ብቻ ነበር። ያ ምላስን የሚቆነጥጠው ኮምጣጣነት የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 60 ግራም የሚሆን አበባ (ሁለት ኩባያ ገደማ) በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አድርጉ፤ አሸዋ አያጣውም። 1 ሊትር ውኃ አፍሉ፣ እሳቱን አጥፉ፣ አበባውን ጨምራችሁ ለ20 ደቂቃ ክደኑት። ድስቱ አሉሚኒየም አይሁን፤ ኮምጣጣ ነገር ይበላዋል። አጥልሉት፣ ገና ትኩስ እያለ 150 ግራም ስኳር አሟሙበት፣ ከዚያ ሌላ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩ። ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ቀረፋ የሚጨምሩም አሉ፤ እኔ ግን ጣዕሙን የሚሸፍነው ስለሚመስለኝ አልወደውም። ስትሠሩ ነጭ ልብስ አትልበሱ፣ እድፉ በቀላሉ አይለቅም።

የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱና ነፍሰ ጡሮች ግን አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ከርከዴ ግፊት ይቀንሳል።

የተጠለለውን አበባ እንዳትጥሉት! ሜክሲኮዎች የታኮ መሙያ ያደርጉታል። ጨመቅ አድርጋችሁ ከትከት አድርጉት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ፣ ቃሪያ ጨምሩ፣ አበባውን ከጨው ጋር አክሉና እርጥበቱ እስኪመጥ አማስሉት። ትኩስ የበቆሎ ቶርቲያ ላይ አድርጋችሁ ብሉት። ሥጋም ወተትም ስለሌለው ረቡዕና ዓርብ እኔ ቤት የሚቀርበው እሱ ነው።