ለውድድር መኪና ጎሚኒ የውጭው ርካሽ ይሻላል ወይስ የቶርኖ ቤቱ?

ሰላም ወገኖች፣ ከባሕር ዳር ነው። ኬኢ 70 ኮሮላ አለኝ፤ ሞተሩ 4ኬ፣ 1290 ሲሲ። ለእሽቅድምድም እያዘጋጀሁት ነው። ሞተሩ ምንም አይልም፣ ያስቸገረኝ የፊት እግር ጎሚኒ ነው፤ እግሩ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ቦታ የሚገባው ላስቲክ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ከውጭ የሚመጣውን ርካሹን ገዛሁ፣ ጥንዱን 1,400 ብር። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ከጢስ ዓባይ ስመለስ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው ወደ ግራ ይጎትተኝ ጀመር። አስፈትቼ ሳየው ላስቲኩ ከውስጡ ብረት ተላቋል፣ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል።

ከዚያ እዚሁ ቶርኖ ቤት በ3,600 ብር ከናይለን አስቀረጽኩ። ልጁ እጁ ይባረክ፣ ልኩን በካሊፐር ደጋግሞ ለክቶ ነው የሠራው። አሁን መሪው ቀጥ ብሏል፣ ኩርባ ላይም መኪናው እሺ ይለኛል። ግን ትንሿ ጉድጓድ ሳትቀር ቦዲው ድረስ ትመታለች፣ ግራሶ ሲያልቅበትም ሲጥ ሲጥ ይላል። ናይለን ደግሞ ውሃ ይመጥጣል፣ ያብጣል፤ ክረምቱን ሳስብ ተይዞ እግሩ የታሰረበትን ብረት እንዳይሰነጥቅብኝ እፈራለሁ።

በእንዲህ ዓይነት መኪና የተወዳደራችሁ፣ ናይለኑን ትቀጥሉበታላችሁ ወይስ ርካሹን ላስቲክ ከየውድድሩ በፊት ትቀይራላችሁ?