«ልዑል» ሆኖ መወለድ ይቻላልን? ስለ ንጉሣውያን ልጆች መጠሪያ

ጥያቄ

«ልዑል አስፋ ወሰን ሐምሌ 20 ቀን 1908 ዓ.ም. በሐረር ተወለዱ» የሚል ዓረፍተ ነገር በተለያየ መልኩ ይገጥመኛል። ነገር ግን በዚያ ቀን አባታቸው ተፈሪ መኮንን (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ደጃዝማች እንጂ ንጉሥ አልነበሩም። ልዑል ማለት የንጉሥ ልጅ ማለት ከሆነ፣ የደጃዝማች ልጅ እንዴት ልዑል ሆኖ ይወለዳል? ቃሉ ከዚህ የሰፋ ፍቺ ካለው የምታውቁ እንድታብራሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። «ልዑል» በመሠረቱ የዝምድና ቃል አይደለም። ከፍ ማለትን ከሚያመለክተው የግእዝ ሥር የወጣ ቅጽል ሲሆን፣ ላዕላይና ልዕልና የሚሉት ቃላት የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። በመዝሙረ ዳዊት ልዑል የሚባለው እግዚአብሔር ነው። ቃሉ በሰው ላይ ሲውልም መጀመሪያ የሚናገረው ባለቤቱ ከፍ ያለ መሆኑን እንጂ የማን ልጅ መሆኑን አይደለም። ለዚህም ነው «ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ» እና «ልዑል ራስ ስዩም መንገሻ» ሲባል ቃሉ ከራስነቱ ፊት እየገባ ማዕረጉን የሚያጎላው። ሁለቱም ከነገሥታት ዘር መሆናቸው እውነት ነው፤ ራስ ካሣ በእናታቸው በኩል የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ ናቸው፤ ራስ ስዩም ደግሞ የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ናቸው። ሆኖም የሁለቱም አባት ንጉሠ ነገሥት አልነበረም።

ከዚያ በፊት የነበሩትን የንጉሠ ነገሥት ልጆች ስንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የዐፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጅ በታሪክ መዛግብት ደጃዝማች ዓለማየሁ ይባላል፤ ዛሬ «ልዑል ዓለማየሁ» ማለት ተለምዷል። የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ አርአያ ሥላሴ ነው። የዐፄ ምኒልክ ሴቶች ልጆች ደግሞ ወይዘሮ ሸዋረጋና ወይዘሮ ዘውዲቱ እንጂ ልዕልት ሸዋረጋና ልዕልት ዘውዲቱ አልነበሩም። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ከወይዘሮነት በቀጥታ ወደ ንግሥተ ነገሥታትነት ነው የተሻገሩት። ያን ጊዜ «ወይዘሮ» ለመሳፍንትና ለመኳንንት ወገን ብቻ የሚሰጥ መጠሪያ እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ባል ያገባች ሴት ሁሉ የምትጠራበት መሆኑ ያንን ክብሩን ሸፍኖታል።

ለወንዱ ልጅ የተወሰኑት ቃላት «አቤቶ» እና «ልጅ» ነበሩ። አቤቶ ቀደም ያለው ሲሆን የነገሥታትን ዘር ለይቶ ያመለክታል። «ልጅ» ግን ከንጉሥም ሆነ ከታላቅ መኰንን የተወለደ ሁሉ የሚጠራበት ነው። ልጅነት በዚህ አገባቡ ከዕድሜ ጋር አይገናኝም። ልጅ ኢያሱ የዐፄ ምኒልክ የልጅ ልጅና ወራሽ ሆነው፣ አያታቸው በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አገሪቱን ቢመሩም ዘውድ ስላልጫኑ «ልጅ» እንደተባሉ ቀሩ። በ1966 ዓ.ም. ተከታትለው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት እንዳልካቸው መኮንንና ሚካኤል እምሩም ጎልማሶች ሳሉ «ልጅ» ተብለው ይጠሩ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ሕፃኑ አስፋ ወሰን በአባቱ በኩል የልዑል ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል የልጅ ልጅ ነው፤ ራስ መኮንን ደግሞ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ይወለዳሉ። እናቱ መነን አስፋው ናቸው። የመነን አባት የአምባሰሉ ገዥ ጃንጥራር አስፋው ሲሆኑ፣ እናታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ናቸው፤ የደሴው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራል። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ በዚህ ዝምድና ለመነን አጎት ይሆናሉ። ሕፃኑ በተወለደ በሁለት ወር ገደማ፣ በመስቀል ዕለት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪም ራስና አልጋ ወራሽ ሆኑ። የአባቱ መነሣት የእናቱ አጎት መውደቅ ነበር ማለት ነው። አባቱ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። አስፋ ወሰንም አልጋ ወራሽ የሆኑት ከዚህ በኋላ ነው።

ስለዚህ ልዑልነቱ ከልጁ ጋር አልተወለደም፤ አባትየው ከፍ ሲሉ ተከትሎ የመጣ ነው። እቴጌ መነን ለግርማዊነታቸው ከወለዷቸው ስድስት ልጆች መካከል አባታቸው ዘውድ ከጫኑ በኋላ የተወለዱት የመጨረሻው ልጅ ልዑል ሣህለ ሥላሴ ብቻ ናቸው። ቃሉን በጥብቅ ፍቺው ከያዝነው «ልዑል ሆኖ ተወለደ» ሊባል የሚችለው እርሳቸው ብቻ ናቸው። ለሌሎቹ «በኋላ አልጋ ወራሽ የሆኑት አስፋ ወሰን በዚህ ቀን ተወለዱ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ሐረግ ቢጨምርም ታሪኩን አያዛባም።

ሁለተኛ ጥያቄ

ስለ ሰፊው ማብራሪያ አመሰግናለሁ። እዚያው ላይ ሳለን፣ ከአልጋ ወራሹ ስም ፊት የሚገባው «መርድ አዝማች» የሚለው ማዕረግ ምን ማለት ነው? «መርዕድ አዝማች» ተብሎ ተጽፎም አይቻለሁና የትኛው ተቀባይነት አለው?

መልስ ከሌላ አባል

የቃሉን መነሻ የሚያሳየው «መርዕድ» ነው። መራድን፣ መንቀጥቀጥን ከሚያመለክተው የግእዝ ሥር የወጣ ሲሆን ፍቺው የሚያንቀጠቅጥ፣ የሚያስፈራ ማለት ነው። አዝማች ጦር የሚያዘምት ነውና ሲጣመሩ ጠላትን የሚያንቀጠቅጥ የጦር መሪ ይሆናል። በንግግር «ዕ» ስለማይሰማ «መርድ» መጻፉ ተለምዷል፤ እኔ ስሕተት አልለውም።

ይህ ማዕረግ የቆየ የሸዋ ማዕረግ ነው። ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በፊት የነበሩት የሸዋ ገዥዎች መርድ አዝማች ይባሉ ነበር። ከእነዚህም አንዱ አስፋ ወሰን የሚባሉ ነበሩ፤ ልጃቸው ወሰን ሰገድ ራስ ተባሉ፤ የወሰን ሰገድ ልጅ ሣህለ ሥላሴ ደግሞ የንጉሥነትን ስም ያዙ። በ1908 የተወለደው ሕፃን ከእኚህ መርድ አዝማች ስድስተኛ ቤት ነው። በስማቸው መጠራቱ ሳያንስ በኋላ ማዕረጋቸው ተደርቦለታል። በዚያ ቤት ስም ማውጣት ተራ ነገር አልነበረም። የልጆቹን ስም ዘርዝሩት፤ ተናኘወርቅ የአባታቸው ሴት አያት፣ መኮንን የአባታቸው አባት፣ ሣህለ ሥላሴ የሸዋው ንጉሥ ስም ነው። አባትየው በንግሥና ላይ መብታቸውን የሚቆጥሩበት የዘር ሐረግ በልጆቻቸው ስም ላይ ተጽፎ ይነበባል፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም ዘውዱ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሚወርደው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንዲወሰን ሲደነግግ ያንኑ ሐረግ ነው የጠቀሰው።

ሁለተኛው ወንድ ልጅ መኮንን «መስፍነ ሐረር» መባላቸው ግን ከዚህ የተለየ ነው። መስፍን ጥንታዊ ቃል ቢሆንም፣ ለንጉሥ ልጅ የግዛት ስም አስከትሎ በግእዝ አገናዛቢ ስልት «መስፍነ» ብሎ መስጠት የአውሮፓን ነገሥታት ቤት ልማድ ያስታውሳል።

ማሟያ

አንድ ነገር ልጨምር። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ባወረደበት ዐዋጅ አልጋ ወራሹ «ንጉሥ» እንደሚሆኑ ገልጾ ነበር፤ «ንጉሠ ነገሥት» አላለም። ለውጭ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ሊመስለው ይችላል። በእኛ አገር የማዕረግ ሥርዓት ግን ንጉሥ የሸዋ፣ የወሎ ወይም የጎጃም ሊሆን የሚችልና ከበላዩ ሌላ ያለበት ስለሆነ፣ ዐዋጁ ሥልጣን የሌለውን ዘውድ ሲያቀርብ ስሙንም አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ነው። አልጋ ወራሹ በዚያ ጊዜ ለሕክምና ውጭ አገር ነበሩ፤ ሹመቱንም አልተቀበሉም። በ1967 ዓ.ም. መጋቢት ወር ዘውዱ ራሱ ተሰረዘ። በ1981 ዓ.ም. በስደት ሳሉ አምኃ ሥላሴ የሚለውን የንግሥና ስም ሲይዙ ግን የወሰዱት «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ሙሉ ማዕረግ ነው። ስለዚህ ጥር 9 ቀን 1989 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ያረፉትን ሰው አንዱ ጸሐፊ አልጋ ወራሽ፣ ሌላው ንጉሠ ነገሥት ሲላቸው ብታገኙ፣ ልዩነቱ ከጸሐፊዎቹ አቋም የመጣ ነው።